ዘንዶው ግብር ከፍሏል ወይ?

ሽንዲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ማታ ማታ ደብተርና እርሳስ ይዞ ለብቻው ሲያጉተመትም ከታየ ጎረቤት የሚጠረጥረው ሦስት ነገር ነው። ወይ የዕድር ሒሳብ ጎድሎበታል፣ ወይ የድንበር ክስ ሊመሠርት ነው፣ አለዚያም ክታብ መጻፍ ጀምሯል። እኔ ከሦስቱም የለሁበትም። የምዘጋጀው ለጨዋታ ነው። ይህን ስናገር ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል፤ ለጨዋታ የሚዘጋጅ ሰው የት አገር ታይቶ ያውቃል? ጨዋታ ራሱ ነው የሚመጣው፤ ቡና ሲፈላ፣ ጠላ ሲቀዳ፣ መብራት ሲጠፋ።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ያልሆነውን ሰው ይሆናል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ አዝማሪ፣ አንዱ ሽፍታ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ የቀረውን ዓለም ሁሉ ይሸከማል፤ ዝናቡም፣ ወንዙም፣ ጅቡም፣ የኬላው ጠባቂም፣ የጠባቂው ሚስትም እሱ ነው። «ከፊታችሁ ሙላት ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ይማከራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ «እዋኛለሁ» ይላል፤ ይሻገር ወይም ይወሰድ እንደሆነ ዳይስ ይወረወራል። አሸናፊ የሚባል የለም። ካልደከማቸው ዓመቱን ሙሉ ሊቀጥሉት ይችላሉ። ያንን ዓለም የሚሸከመውን ሰው እኛ ቤት «ዳኛ» እንለዋለን፤ ዳኛው እኔ ነኝ።

ጨዋታው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው በጥር ወር 1966 ዓ.ም. አሳተሙት። የመጀመሪያው ኅትመት 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ እኛ የካቲት ላይ ንጉሥ ልናወርድ አደባባይ ስንወጣ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ከወር በፊት ንጉሥና ቤተ መንግሥት በወረቀት ሠርተው መሸጥ ጀምረው ነበር። የሐሳቡ አያት ግን ከዚያም የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የሚባል የፕሩስያ መኮንን ወታደሮችን ለማሠልጠን የጦርነት ጨዋታ አዘጋጅቶ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ዳኛ አስቀምጦ ነበር። ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ የሚናገረው ዳኛው ነው።

መጽሐፉን የላከልኝ ባሕር ዳር የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ወፍራም ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ አነጋገሩ ግን የግብር አዋጅ ይመስላል። ለዳኛው ብቻ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍም አለው። ያንን አንብቤ ስጨርስ የገባኝ ነገር ቢኖር ፈረንጅ ለጨዋታም ቢሆን ሥራውን እንደማያቃልል ነው።

ጨዋታውን በሚያዘወትሩት አገሮች ዋናው ጠላት ዘንዶው ሳይሆን ቀጠሮው ነው ይባላል። አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ አንዷ ልጅ ይታመምባታል፣ ሦስተኛው ይረሳዋል፣ ጨዋታው በዚያው ይሞታል። ለዚህ ችግር እኛ መላ ያበጀንለት ጋይጋክስ ሳይወለድ በፊት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ በነዚህ ቀናት በወረዳችን በወንበርማ በሬ የሚጠምድ ገበሬ ጎረቤቱ ቀና ብሎ አያየውም። የግብርና ባለሙያዎች በበዓላት ብዛት ሲያማርሩ እሰማለሁ። በዳኝነቴ ግን ቅሬታ የለኝም። ችግራችን ከቀኖቹ አንዱን መምረጥ ላይ ነበር፤ ሁሉም ሰው በአንዱ ቀን የጽዋ ማኅበር አለበት። ብዙ ከተከራከርን በኋላ 19 ገብርኤል አሸነፈ፤ ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ፣ ሕማማት ሲሆን የማይደረግ፣ በቅዱሳን ስም መማል የማይፈቀድበት። ይህን ቅድመ ሁኔታ ያስገቡት መሪጌታው ናቸው።

ተጫዋቾቼን ላስተዋውቅ። መሪጌታው አሉ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ አሉ። ጠላ የሚሸጡት እትየ አሉ፤ የምንጫወተውም እሳቸው ቤት ነው። የመጨረሻው ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። ይህን ሕዝብ አውሮፓዊ ግንብ ውስጥ አስገብቼ «አንተ የጫካ ሰው ነህ፣ አንቺ ጠንቋይ ነሽ» ብል ማን ያዳምጠኛል? ስለዚህ ጨዋታውን ወደዚህ አመጣሁት። የሲራራ ነጋዴዎች ዘመን ነው። ጭነኞቹ በቅሎዎች አሞሌ ጨው ተሸክመው ከጎጃም ተነሥተው አባይን ይሻገራሉ፤ ከማዶ ቡናና ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመለሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ ስለ ባሶ ገበያ ዘርዝሮ ጽፏል። ክረምት ሲገባ አባይ ይሞላና መንገዱ ይዘጋል፤ መስከረም ሲጠባ ነጋዴው፣ ቀራጩና ሽፍታው እኩል ይነሣሉ። ከዚህ የተሻለ መድረክ አሜሪካኖቹ አልፈጠሩም።

የባሕርይ ድልድሉም ቢሆን ቀላል ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ጠንቋይ ያለው ቦታ ላይ ደብተራ ገባ፤ ዘፋኝ ያለው ቦታ ላይ አዝማሪ። ግን ማንም ኑሮውን አልፈለገውም። መሪጌታው ደብተራ መሆንን አሻፈረኝ ብለው ሽፍታ ሆኑ፤ «ዕድሜ ልኬን ያልሆንሁትን ልሁና!» አሉ። እትየ ነጋድራስነቱን ማንም ሳይሾማቸው ያዙት። ደብተራነቱ ለባጃጁ ልጅ ደረሰ፤ አጋንንትን የሚያዘው በባጃጅ ተራ አስከባሪ አነጋገር ነው። ጡረተኛው ጸሐፊ የመረጡት ሥራ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ነገረ ፈጅ ነው። «በዚህ ሁሉ መንገድ ያለ ነገረ ፈጅ ልትሄዱ ነበር?» ብለው አዘኑልን። ቡዳን ግን እኔ አውጥቼዋለሁ። ለተረት ያመች ነበር፣ ነገር ግን በዚህ ስም ሲጎዱ የኖሩ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ጎረቤቶች አሉን፤ በሰው ቁስል ጨዋታ አይሠራም።

ዳይስ ላይ ደረስን። ይህ ጨዋታ የሚፈልገው 20 ገጽ ያለው ዳይስ ነው። የእኛ ገበያ ቢበዛ የሚያውቀው የሉዶውን ነው፤ ባለ 6 ገጹን። መላው ዕጣ ሆነ። ከ1 እስከ 20 በወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ጣሳ ውስጥ ይናጣል፣ አንድ ይወጣል። ስሌቱ ከዳይሱ ጋር አንድ ነው፤ አንድ ግዴታ ብቻ አለው፣ የወጣው ዕጣ ተመልሶ መግባት አለበት። ይህ ደንብ እቁብ ለኖረበት ሰው አይዋጥም። እትየ «አንዴ የወጣለት እንዴት ድጋሚ ይገባል? ይኸማ ማጭበርበር ነው!» ብለው ተነሡ። የባጃጁ ልጅ 20 ቁጥር ወጥቶለት፣ ወዲያው በሚቀጥለው ተራ ያው 20 ሲደገምለት የእቁብ ጸሐፊ ይጠራልኝ ተባለ። ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ዕጣ ጭቅጭቅ ተነሥቶ አያውቅም። ዳይስ ተንከባልሎ አግዳሚ ሥር ቢገባ «አልተቆጠረም» የሚል ይገኛል፤ በዕጣ ወጥቶበት የሚያጉረመርም ሰው እዚህ አገር ብርቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ ልምጣ፤ የመጽሐፉ ምክርና የወንበርማ ሰው ጠባይ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ባላጋራ ስንት ምት እንደሚችል፣ ጋሻው ስንት እንደሚመክት፣ ጦሩ ስንት እንደሚጎዳ አስቀድመህ ጻፍ ይላል። ጻፍሁ። የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ አንድ ኬላ አኖርሁ፤ በኬላው ላይ ፊቱ የተተለተለ፣ ርኅራኄ የማያውቅ ቀራጭ። ደም ሊፈስ ነው። ነጋድራሳችን በቅሏቸውን አቆሙና፦

«እንደምን ዋልህ ልጄ? የማን ልጅ ነህ?»

የማን ልጅ እንደሆነ መጽሐፉ አይልም። አፌ ላይ የመጣውን ስም ሰጠሁ።

«አገርህስ?»

«ወንበርማ ነው፣ እሜቴ።»

«በየትኛው ደብር ነው ክርስትና የተነሣኸው?»

እያንዳንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። እናቱ፣ የእናቱ አባት፣ የእናቱ አባት ባለ ርስት የሆኑበት ቀበሌ። እንጀራ ለመቁረስ እንኳ ያልበቃ ጊዜ ውስጥ ያ አረመኔ ቀራጭ የእትየ የአክስት የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ቀረጡ ቀረ። በግ ታረደ። ቀራጩ «ጠባሳው ከምን መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ አለቀሰ፤ ያለቀሰው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጦር የያዘው ሽፍታችን ሥራ ፈትቶ የበጉን ቆዳ ሲገፍ አመሸ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባላጋራ ስዘጋጅ ስንት ምት እንደሚችል ሳይሆን እናቱ ማን እንደሆነች እጽፋለሁ። ሦስት ትውልድ፣ ደብሩ፣ የተጣላቸው ዘመዶች፣ የተጣላበት ምክንያት። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ተጫዋች ፊት የዘር ሐረግ ሳያዘጋጅ የሚቀርብ ዳኛ ራቁቱን ነው። ለነገሩ አንዳንዴ ይህ ይጠቅመኛል። ዝምድናው ደም ያለበት ሆኖ ከተገኘ ጨዋታው ከማንኛውም ጦርነት ይሞቃል፤ ባለፈው አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሽፍታችንን አጎት ገዳይ ሆኖ ወጣ፤ እኔም አላቀድሁትም፣ መሪጌታውም አላሰቡትም፣ ከስም ወደ ስም ሲሄዱ ሁለቱ ቤቶች ተገናኙ።

ዘንዶው የባሰ ነው። ፈረንጆቹ የጨዋታውን ስም ያወጡለት በሱ ስለሆነ ዘንዶ የሌለበት ነገር ማቅረብ ነውር መሰለኝ፤ አባይ ሸለቆ ውስጥ አንድ ዋሻ ቆፍሬ፣ ወርቅ ላይ አስተኝቼ፣ እሳት እንዲተፋ አድርጌ አስቀመጥሁት። ተጫዋቾቹ ደረሱ። ዘንዶው አገሣ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ነው ያገሣሁት። ጡረተኛው ጸሐፊ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ቦታ ላይ ስንት ዘመን ተቀመጠ?» አሉ።

«ሦስት መቶ ዓመት።»

«ተቃዋሚ ቀርቦበት ያውቃል?»

«የቀረበ ሁሉ ተቃጥሏል።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው፤ በጽሑፍ ማለቴ ነው።» ቀጠሉና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1168 ጠቀሱ። የማይንቀሳቀስ ንብረት የያዘ ሰው ለ15 ዓመት ሳያቋርጥ ግብር ከከፈለበት ባለቤት ይሆናል። «እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዘንዶው ግብር ከፍሏል ወይ?»

የሕጉ ዘመንና የጨዋታው ዘመን እንደማይገጥም ተናገርሁ። ማንም አልሰማኝም። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ከዛሬው ዓለም ሆኖ «የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው?» አለ። እትየ ሽማግሌ ይላክ አሉ። በዚህ መሐል ዘንዶው እሳት መትፋቱን ረስቶ «ዋስ አለኝ» አለ። ለምን እንዳልሁ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር የጎጃም ሰው ደም ይሞቃል። ሙግቱ በበላ ልበልሃ ቆመ። ነገረ ፈጁ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፣ አፋቸውን በግጥም ከፈቱ፣ አንድ ጉንዶ ማር ተወራረዱ። ዘንዶውም መለሰ። ከሳሽ እሳቸው፣ ተከሳሽ እኔ፣ ዳኛም እኔ፤ ይህ ደግሞ ወግ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ተሟጋቾች መንገደኛ አስቁመው «ፍረደን» ይሉት ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ገባች። አስቀመጥናት። ነገሩን አድምጣ ዘንዶው ከወርቁ ሲሶውን ይስጥ፣ ዋሻውን ይያዝ ብላ ፈረደች፤ ወንፊቷን ይዛ ሄደች። ዘንዶው ይግባኝ ጠይቋል።

ከዚህ በኋላ መሪጌታውን «እንዲህ ከሆነ ዳኛ ምን ሊዘጋጅ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ቅኔ ቤት ነገሩኝ። በነዋሸራ፣ በነጎንጅ ወግ የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ። ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢመጣ ማንም አይቀበለውም፤ ቅኔ ለአንድ ጊዜ ነው። «እና ምኑን ይዞ ይሄዳል?» አልሁ። «ታሪኩን፣ አገባቡን፣ ምሥጢሩን። ቅኔውን እዚያው ይዘርፈዋል» አሉኝ። የእህቴ ልጅ ከላከልኝ ወፍራም መጽሐፍ ይልቅ ይህች ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥራዬን አቀለለችልኝ።

እውነቱን ለመናገር የዚህ ጨዋታ ወግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ደግሞ የቀረበለትን አገር ሁሉ አይቀበልም፣ ያማርጣል። ባሕር ዳርን ያህል ከተማ ያለ አንዳች ሐዘን አሳልፎ የሚሰጥ የሽንዲ ልጅ፣ ሽንዲን ስጥ ሲሉት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አገር ገዛሁ ብሎ የሚፎክረውም ልጅ የተቀመጠው እሳት ዳር ቁርበት ላይ ነው። ዳይስና ወፍራም መጽሐፍ ጨምሩበት፣ ዊስኮንሲን ደረሳችሁ።

ትንሽ ኃይል ይዞ ትልቅ ለመምሰልም ለዳኛ ቡሬን የሚያህል መምህር የለም። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ሁለት ሺህ የማይሞላ ጦር ይዞ ቡሬ ያለውን በቁጥር እጅግ የሚበልጥ የኢጣሊያ ጦር ገጠመ። ቀን አድፍጦ፣ ማታ ከዚህም ከዚያም ተኩሶ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ለባንዳው እየተናገረ ትልቅ ጦር የከበባቸው አስመሰለ። ኢጣሊያኖቹ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀው ወጡ። እኔም አንድ ሰው ሆኜ ሠራዊት፣ ገበያና ደብር ሙሉ ምእመን መምሰል ሲኖርብኝ በልቤ የማስበው ያችን ቡሬ ነው። ሦስት ዓይነት ሳልና ሁለት ዓይነት ሳቅ ከተለማመድሁ ገበያው ይሞላል።

አሁን ዝግጅቴ አንድ ገጽ ነው። ከላይ የሰዎች ስም እስከ አያት። ቀጥሎ እያንዳንዱ የሚፈልገው አንድ ነገር፤ ቀራጩ ለልጁ ሠርግ ሰንጋ ይፈልጋል፣ ጀልባ ቀዛፊው ንስሐ መግባት ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ወሬ፣ እውነት ይሁን ሐሰት ያልወሰንሁት። ተጫዋቾቹ ካመኑት እውነት ይሆናል። የታችኛው ግማሽ ባዶ ነው። መጨረሻውን አልጽፍም፤ ጽፌው ቢሆን ዘንዶው ሞቶ ነበር፣ ይግባኙም ባልኖረ። ከገጹ ውጭ ቆሎውን አስቆላለሁ፣ ፋኖሱን እሞላለሁ፣ ዕጣዎቹን እቆጥራለሁ፤ ባለፈው 13 ቁጥር ጠፍታ ጠላ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ተገኘች።

አንድ ነገር ግን ከየትም ልዘርፈው አልቻልሁም። ነጋድራሳችን በሚቀጥለው ገብርኤል አባይን ሊሻገሩ ነው፤ በየኬላው «ይህ ቦታ ማን ይባላል? ቀድሞስ ማን ይቀርጥበት ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ የፈጠርሁትን ስም ደግሞ ወዲያው ያውቁብኛል። ስለዚህ ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደንበጫም ሆነ ከየጁቤ ይህን የምታነቡ፣ ሲራራ የነገደ አያት ወይም ቅድመ አያት የነበራችሁ ሁሉ፣ ቤት ያሉትን አዛውንት ጠይቁልኝ። የኬላዎቹን፣ የመልካዎቹንና የማደሪያዎቹን ስም ጻፉልኝ። የቀራጮቹን የእናት ስም የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ በተለይ።